መብራት የሚከፈትበት አገር

ቻይናዊ የማይከፍተው ነገር የለም። በር ይከፍታል፤ እዚህ ድረስ ከእኛ ጋር ነው። መብራት ይከፍታል። መኪና ይከፍታል፣ አውሮፕላን ይከፍታል፤ ነዳ፣ አበረረ ለማለት ነው። ሐኪሙ መድኃኒት ይከፍትለታል። ገንዘብ ተቀባይዋ ደረሰኝ ትከፍትለታለች። አበባ ይከፈታል። የፈላ ውሃ «የተከፈተ ውሃ» ይባላል። ደስ ያለው ሰው ልቡ ተከፍቷል። ቀልድ ሳይቀር ይከፈታል። ይህን ሁሉ ጭነት የምትሸከመው አንዲት አጭር ቃል ናት፤ «ካይ»።

እንግዲህ ይህ ሰው ልጅ ሳለ እንግሊዝኛ ይጀምራል። የቃላት ዝርዝሩ ላይ በግራ በኩል «ኦፕን»፣ በቀኝ በኩል «ካይ» ተጽፏል። ልጁ ምን ያድርግ? እኩል ናቸው ብሎ ይሸመድዳል። ከዚያ በኋላ «ኦፕን ዘ ላይት» እያለ ያድጋል፣ ይመረቃል፣ ይድራል።

ይህን የታዘብኩት ዉሃን ተማሪ ሳለሁ ነው። ዉሃን ያንግዜ ወንዝ መሐሏን የሚያቋርጣት ትልቅ ከተማ ናት። ቻይናዎች በሙቀታቸው የተነሣ «ምድጃ» ብለው ከሚጠሯቸው ከተሞች አንዷ ናት። ሐምሌ ላይ ከዶርም ወጥተህ ላብራቶሪ እስክትደርስ ሸሚዝህ ጀርባህ ላይ ይለጠፋል። በር ከፍተህ ስትገባ የምትሰማው የመጀመሪያው እንግሊዝኛ «ኦፕን ዘ ኤሲ!» ነው፤ የአየር ማቀዝቀዣውን አብሩ ለማለት። ተናጋሪዋ ከሁላችንም ቀድማ ዶክትሬቷን የጀመረች ተማሪ ናት። «ሺጂዬ» ነው የምንላት፤ በአንድ መምህር ሥር የምትማር ታላቅ እህት ማለት ነው። የእኛን «እትዬ» በሉት። በስሟ የሚጠራት ታናሽ አልነበረም።

አንድ ቀን አፉን በእንግሊዝኛ የፈታ አዲስ ተማሪ አብሮን ነበር። ሺጂዬ እንደ ልማዷ ስትጮህ ቀና ብሎ ኤሲውን አየ። ግራ ገባው። ሽፋኑን ነው የምትለው? ሊፈታ ነው? እኔ ሪሞቱን አንስቼ ተጫንኩና ተቀመጥኩ። ይህ ብልጠት አይደለም። እናቴ ቤት ቴሌቪዥንም ራዲዮም ይከፈታል።

በእርግጥ አማርኛና ቻይንኛ እዚህ ላይ ብዙ መንገድ አብረው ይሄዳሉ። ቧንቧ ይከፈታል፣ ዘፈን ይከፈታል። ሱቅ ተከፈተ እንላለን፤ እነሱም ይላሉ። ክረምቱ አልፎ ትምህርት ቤት ሲጀምር ተከፈተ ነው፤ እዚያም እንደዚያው። ተኩስ ሳይቀር ከፈተ ነው የሚባለው፣ በሁለቱም። መብራት ላይ ስንደርስ ግን እንለያያለን። መብራት ይበራል እንጂ አይከፈትም።

ለምን? እኔ የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ኤሌክትሪክ ሲመጣ እያንዳንዱ ቋንቋ እጁ ላይ የነበረውን ግሥ ነው የሰጠው። አማርኛ እሳት ነበረው፤ ኩራዙ የሚበራበትን ግሥ ለአምፖሉ አወረሰው። እንግሊዝኛ ቧንቧ ነበረው፤ ውሃውንም ጋዙንም እጀታ በማዞር ነበር የሚለቀው። ስለዚህ አምፖሉንም «ተርን» አለው። ዛሬ ስልኩን በጣቱ እየነካ፣ የሚዞር ነገር በሌለበት፣ ያዞራል። ቻይንኛ በር ነበረው።

በሩ ደግሞ ፊደሉ ውስጥ ነበር። የ«ካይ» የድሮ ቅርጽ ሁለት የበር ክንፎች አሉት፤ ከሥራቸው መቀርቀሪያውን የሚያነሱ ሁለት እጆች ናቸው ይባላል። በ1956 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የቻይና መንግሥት ፊደላቱን የማቅለል ዕቅድ ሲያወጣ ክንፎቹ ተነሡና መቀርቀሪያውና እጆቹ ብቻ ቀሩ። ታይዋንና ሆንግ ኮንግ የድሮውን ስለሚጽፉ በሩ አሁንም እዚያ ቆሟል። «በሩን ከነቀላችሁት ወዲህ ነው ሁሉም ነገር ዘው ብሎ የገባበት» እያልኩ ሺጂዬን እቀልድባት ነበር። እውነት አይደለም፤ መኪናውም አበባውም በሩ ሳይነቀል በፊት ገብተዋል። ግን ትስቅልኝ ነበር።

ግድግዳ ላይ የምንጫናትን ነገር እንግሊዝኛ በአንድ ቃል «ስዊች» ብሎ ይገላገላል። ቻይንኛ «ካይጓን» ይላታል፤ ክፈት-ዝጋ። እኛስ? ማብሪያ ማጥፊያ። ሁለቱም ሕዝብ ለዕቃዋ ስም ሲያወጣ ሁለት ተቃራኒ ሥራዋን አንድ ላይ አስሮ ሰጣት። ይህን ለሺጂዬ ስነግራት ደብተሯ ላይ «ማብሪያ ማጥፊያ»ን በላቲን ፊደል ጻፈችው። ምን ልታደርግበት እንደሆነ እንጃ።

ስህተቱ ከቀልድ የሚያልፍበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱም የእኛው ሙያ ነበር። በመሐንዲስ እንግሊዝኛ «ኦፕን» የሆነ ሰርኪት (የኤሌክትሪክ መስመር) ማለት የተቆረጠ፣ ኤሌክትሪክ የማያልፍበት ነው። ኤሌክትሪክ እንዲያልፍ ማብሪያው «ክሎዝ»፣ ማለትም ዝግ፣ መሆን አለበት። ቤት ውስጥ ላይት «ኦፕን» ሲል የኖረ ሰው ብሬከር (ትልቁ የኤሌክትሪክ መቁረጫ) ፊት ቆሞ «ኦፕን» ቢል፣ ሰሚው የሚያደርገው ከፈለገው ተቃራኒውን ነው። ወይም ደግሞ «ኦፕን ነው» ሲባል የተለቀቀ መስሎት ይጠብቃል። ላብራቶሪያችን ውስጥ ይህ ጉዳይ በእጅ ምልክት ነበር የሚጠናቀቀው። ጥሩ ልማድ ነው። አፍ ባልተግባባበት እጅ ይናገር።

ይህ የሰነፍ ተማሪ ጣጣ ነው የሚል ካለ ሺጂዬን አላያትም። ቻይና ውስጥ በ2001 በወጣ መመሪያ እንግሊዝኛ ከሦስተኛ ክፍል እንዲጀመር ተደርጓል። ጋውካው የሚባለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በአብዛኛው አካባቢ ከ750 ይታረማል። ከዚያ ውስጥ 150ው የውጭ ቋንቋ ነው፤ ለአብዛኛው ተማሪ እንግሊዝኛ ማለት ነው። ከሒሳብ እኩል! ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ደግሞ ከ1987 ጀምሮ የሚሰጠው «ደረጃ አራት» የተባለ አገር አቀፍ የእንግሊዝኛ ፈተና ይጠብቃቸዋል። ለዚያ ሲሉ ወፍራም የቃላት መጽሐፍ ይገዛሉ። ቃላቱ በፊደል ተራ ሲደረደሩ የመጀመሪያዋ «አባንደን» ናት። ትርጉሟ ተወ፣ ጥሎ ሄደ። ተማሪው በወኔ ይገልጣል፣ «ተወ»ን ያጠናል፣ ይተዋል። ወር ቆይቶ እንደገና ከ«አባንደን» ይጀምራል። ቻይና ውስጥ ይህን ቀልድ የማያውቅ ተማሪ አላገኘሁም። የአብዛኛው መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ነው በእጅ እድፍ የጠቆረው። «ኦፕን» ያለችበት ገጽ ንጹሕ ነው። እዚያ የደረሰም ይዘላታል፤ ሕፃን የሚያውቃትን ቃል ማን ቁጭ ብሎ ያጠናል?

እኔ ግን ከባዶቹ ቃላት እነዚህ ናቸው ባይ ነኝ። ረጅሟና ብርቅዬዋ ቃል አንድ ትርጉም ይዛ ትመጣለች፤ ታጠናታለህ፣ አለቀ። ሺጂዬ የትራንስፎርመርን ብልቶች በእንግሊዝኛ ስትቆጥር አትሳሳትም። ጽሑፎቿ ዓለም አቀፍ መጽሔት ላይ ወጥተዋል። የሚያሰናክሏት አጫጭሮቹ ናቸው፤ «ኦፕን»፣ «ሉክ»፣ «ቴክ»። መጽሐፍ «አየሁ» ትላለች፣ አነበብኩ ለማለት፤ በቻይንኛ መጽሐፍም ቴሌቪዥንም ሐኪምም የሚታየው በአንድ ግሥ ነው። መድኃኒት «በላሁ» ትላለች። እነዚህን ቃላት አውቃቸዋለሁ ብላ ስለተማመነች መዝገበ ቃላት ገልጣባቸው አታውቅም። የሚጠረጥረው የለማ!

ሁሉም ስህተት ግን እኩል አይደለም። «ኦፕን ዘ ላይት» ያለ ሰው መልእክቱ ይደርሳል፤ እኔ ብሆን ቀይ እስክሪብቶዬን አላነሣም። ደግሞም ቻይናዎች ብቻቸውን አይደሉም። ግሪኮች መብራት ይከፍታሉ። ፊሊፒንስ ውስጥ እንግሊዝኛ የሥራ ቋንቋ ሆኖ ሳለ መብራት ይከፈታል። የካናዳዋ ኬቤክ ሰዎች በፈረንሳይኛ ይከፍታሉ፣ ፓሪሶች ይስቁባቸዋል። ይህን ያህል ሕዝብ ከከፈተ ወጣ ያለው እንግሊዝኛው ነው ብሎ መከራከር ይቻላል።

ስብሰባ ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይለያል። ቻይናዊ «ስብሰባ ይከፍታል» ሲል ስብሰባ ላይ ነው ማለቱ ነው፤ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ እስከ ማብቂያዋ። ስለዚህ «ማናጀሬ ሚቲንግ እየከፈተ ነው» ብሎ ኢሜይል ይጽፋል። ተቀባዩ እንግሊዛዊ፣ ሰውዬው መድረክ ላይ ወጥቶ የመክፈቻ ንግግር እያደረገ ይመስለዋል። እኛም ብንሆን እንደዚያ ነው የሚመስለን፤ ስብሰባ የሚከፍተው ክቡር እንግዳው ነው፤ ከፍቶም ሻይ ሳይጠጣ ይሄዳል። የዚያ ኢሜይል ባለቤት ማናጀር ግን በክብር እንግድነት ሳይሆን ሦስት ሰዓት ወንበር ላይ ተጣብቆ ነው ያለው። «በአምስት ደቂቃ ይጨርሳል» ብለህ ስልክ ይዘህ ብትጠብቅ የራስህ ጉዳይ ነው።

ደረሰኙም እንደዚያው። ለሥራ የተላከ ቻይናዊ «ፋፒያው» የሚባለውን ሕጋዊ ደረሰኝ ካላመጣ መሥሪያ ቤቱ ወጪውን አይተካለትም። ስለዚህ ሆቴል ሲለቅ ጭንቀቱ ሻንጣው ሳይሆን ደረሰኙ ነው። «ፕሊስ ኦፕን ዘ ኢንቮይስ» ይላል። ባንኮኒው ላይ ያለው ልጅ የታጠፈ ወረቀት ይፈልጋል። ሺጂዬ አንድ ጊዜ «እናንተ ደረሰኝ ምን ታደርጉታላችሁ?» አለችኝ። «እንቆርጠዋለን» አልኳት። መቀስ በጣቶቿ ሠርታ አየችኝ።

መኪናውን በአጭሩ ልለፈው። «መኪና ኦፕን ማድረግ ይችላል» ብሎ የሥራ ማመልከቻ ላይ የጻፈ ሰው፣ ችሎታው የመኪናውን በር ከመክፈት እንደማያልፍ ነው የተናገረው።

ውሃው ግን ይጣፍጣል። የቻይና ዩኒቨርሲቲዎችና ባቡር ጣቢያዎች የፈላ ውሃ የሚቀዳበት ቦታ አላቸው። ዶርማችን አጠገብ አንድ ነበረ። ማታ ማታ ተማሪው ፔርሙዙን አንጠልጥሎ ይሰለፋል፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አበባ ያለበት፣ ስም በቀለም የተጻፈበት። ቧንቧው ሲለቀቅ እንፋሎቱ መነጽር ይሸፍናል። ቡሽ የጠፋበት ሰው በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞ ይሮጣል። እንዲህ ያለ ቦታ በር ላይ «ኦፕን ዋተር» የሚል የእንግሊዝኛ ሰሌዳ ማየት ብርቅ አልነበረም። እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ኦፕን ዋተር» ሲባል የሚታየው ባሕር ነው፤ ዳርቻው የራቀ፣ ዋናተኛ የሚፈራው። አገሪቱ በዚህ ዓይነት ሰሌዳ አፍራ ኖራለች። ቤይጂንግ ለ2008 ኦሎምፒክ ስትዘጋጅ የከተማዋን የእንግሊዝኛ ሰሌዳዎች የማረም ዘመቻ ተካሄደ። በ2017 ደግሞ የሕዝብ አገልግሎት ሰሌዳዎች በእንግሊዝኛ እንዴት መጻፍ እንዳለባቸው የሚወስን አገር አቀፍ ደረጃ ወጣና በዚያው ዓመት ዲሴምበር ሥራ ላይ ዋለ። መልካም ነው። ቢሆንም አንዳንዶቹ ሰሌዳዎች ሲነሡ ይቆጨኛል። «ኦፕን ዋተር» ጽፎ የሰቀለው ሰው ቋንቋውን በሐቀኝነት ነው ያሳየን።

ከሁሉ የሚያስፈራው «ኦፕን» ስለ ሰው ሲነገር ነው። «ካይፋንግ» የሚል ቃል አለ፤ መከፈት፣ ክፍት መሆን። ከ1978 መጨረሻ ጀምሮ ቻይና የተከተለችው «ማሻሻያና መከፈት» የሚባለው ፖሊሲ ስም ውስጥ ያለው ይኸው ቃል ነው። እዚያ ላይ «ኦፕን» በትክክል ይገጥማል። ቃሉ ስለ ሴት ልጅ ሲነገር ግን ወንድ ማብዛትን ሊያሳይ ይችላል። እንግሊዝኛው «ኦፕን» ከዚህ ሁሉ ንጹሕ ነው፤ ልቧን የማትደብቅ፣ አዲስ ሐሳብ የማትፈራ። አንዲት የውጭ አገር ተማሪ በእንግሊዝኛ ራሷን ስታስተዋውቅ «አይ አም ቬሪ ኦፕን» አለች። ወንዶቹ መሬት መሬት አዩ። አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። እሷ እስከ ዛሬ ምክንያቱን አታውቅም። በተቃራኒውም ይሆናል፤ ቻይናዊው «የውጭ ሰዎች ቬሪ ኦፕን ናቸው» ሲል ፈረንጁ ተመሰገንኩ ብሎ ያመሰግናል። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። እንዲህ ያለ መግባባትም አለ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሺጂዬ እንግሊዝኛዋን እንዳርምላት የጠየቀችኝ ጊዜ ሰዋስው አላስተማርኳትም። እነሱ ራሳቸው ጥሩ ነገር አላቸው፤ «ዳፔይ» ይሉታል። ልብስ ሲያለብሱ ሸሚዝ ከሱሪ ጋር ማስማማቱም ዳፔይ ነው፤ ቃል ከቃል ጋር ማስማማቱም ዳፔይ ነው። ስለዚህ «ኦፕን»ን ብቻዋን መጻፍ ከለከልኳት። ደብተሯ ላይ «ኦፕን» ከጓደኞቿ ጋር ትጻፍ፤ በር፣ መስኮት፣ ዓይን፣ አፍ፣ ጠርሙስ፣ ደብዳቤ፣ የባንክ ሂሳብ፣ ሱቅ። በሌላ ገጽ «ተርን ኦን»፤ መብራት፣ ቴሌቪዥን፣ ኤሲ፣ ቧንቧ። መኪናው ወደ «ድራይቭ»፣ ስብሰባው ወደ «ሃቭ»፣ መድኃኒቱ ወደ «ፕሪስክራይብ»፣ ደረሰኙ ወደ «ኢሹ»። በቻይንኛ አንድ ቤት የሚኖሩት ቃላት በእንግሊዝኛ እያንዳንዳቸው ሌላ ሰፈር ተበተኑ። ስትጨርስ ገጾቹን እያገላበጠች «ይሄ ሁሉ ካይ ነው?» አለች። ሁሉም ካይ ነው።

አንድ ነገር ግን በዝርዝርም አልተፈታም። ሱቁ ክፍት ሲሆን እንግሊዝኛ «ኦፕን» ይላል፤ ሲዘጋ «ክሎዝድ»። አንዱ ጅራት አለው፣ ሌላው የለውም። ሥርዓት የሚወድ ተማሪ ወይ «ኦፕንድ እና ክሎዝድ» ይላል፣ ወይ «ኦፕን እና ክሎዝ»። ሁለቱም ልክ አይደሉም፣ ሁለቱም ምክንያት አላቸው። በዚያ ላይ «ክሎዝ» ብቻዋን ስትቆም አነባበቧ ተለውጦ «ቅርብ» ማለት ነው። «ዘ ባንክ ኢዝ ክሎዝ» ብሎ የጻፈ ሰው ባንኩ ቅርብ ነው ብሏል። ሰው ተነሥቶ ሊሄድ ይችላል፣ ተዘግቶ ሊያገኘው።

ሺጂዬ ለዚህ የምትመልሰው አጣች እንዳልል፣ የራሷ ወጥመድ ነበራት። «ካይ» ልብ ላይ ሲገባ ደስታ ነው ብያለሁ። «ጓን»፣ ማለትም መዝጋት፣ ልብ ላይ ሲገባስ? ሐዘን መሰለኝ አላችሁ? ስለ ሰው ማሰብ፣ መጨነቅ፣ ለሰው መንሰፍሰፍ ነው። እናት ለልጇ «ጓንሺን» አላት። አመክንዮ ፈልጌ ነበር፤ «ጓን» ከመዝጋት ሌላ ማያያዝም፣ ጉዳይ መሆንም ይላል፤ ልብን የሚያገናኘው ያ ነው። እንዲህ ሲሆን እንግሊዝኛን ምን ብዬ ልውቀስ?

አሁን እሷ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። በኮሮናው ጊዜ ትምህርቱ ኦንላይን ሲሆን በእንግሊዝኛ የምትሰጠውን ኮርስ ለማየት አንድ ቀን ገባሁ። እዚያ ደግሞ አዲስ ጣጣ መጣ። ስልክ ላይ ያለ አፕ «ኦፕን» ይደረጋል፤ ይህ በትክክለኛ እንግሊዝኛ ነው። ፋይልም እንደዚያው። ዋይፋይና ብሉቱዝ ግን «ተርን ኦን» ናቸው። ካሜራ ሁለቱም ነው፤ ፎቶ ልታነሣ አፑን ስትገባበት «ኦፕን»፣ ስብሰባ ላይ ፊትህን ልታሳይ «ተርን ኦን»። ማይክ ደግሞ ተዘግቶ ከነበረ «አንሚዩት» የሚባል የራሱ ቃል አለው። ይህን ሁሉ ከክፍሉ በፊት በጽሑፍ ላክሁላት። «ገብቶኛል ሺዲ» አለችኝ፤ ታናሽ ወንድሜ ማለቷ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ «ጉድ ሞርኒንግ ኤቭሪዋን፣ ፕሊስ ኦፕን ዩር ማይክ» ብላ ጀመረች። ሁሉም ማይካቸውን ከፈቱ። የኔም ተከፍቶ ኖሮ ስስቅ ተሰማ።